ሲፓፑ አረፋ ማውጣት ሲያቆም

ሲፓፕ በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት እየሰጠ የሕፃኑን ሳንባ ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ውሃ ስለሚጠልቅ አረፋ ያወጣል። አሁን ግን ጠርሙሱ ጸጥ ብሏል፣ አረፋ የለም። መጀመሪያ ሕፃኑን እዩ። መተንፈስ ካቆመ ወይም ከጠቆረ ሲፓፑን ተዉትና በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አግዙት። ማሽኑ ይደርሳል።

ሕፃኑ ደህና ከሆነ ፍሎው ሜትሩን (የአየሩን ፍሰት መጠን መቆጣጠሪያ) እንዳትነኩ! ሁሌም የማየው ስህተት ይሄ ነው። 5 ሊትር የነበረው 8፣ ከዚያ 10 ይደረጋል። አረፋው ትንሽ ይመለስና ሰው ይረጋጋል። አየር የሚያመልጥበት ቦታ ግን እንዳለ ነው።

ይልቅ ፕሮንጉን (አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን ባለ ሁለት ጫፍ አጭር ቱቦ) ከአፍንጫ አውጡና ጓንት ባደረገ ጣት የፕሮንጉን ሁለቱንም ቀዳዳ ድፈኑ። አረፋው ከመጣ ቱቦው ጤነኛ ነው፤ አየሩ የሚወጣው በአፍንጫ ወይም በአፍ ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮንጉ ጠቦ ነው። የአፍንጫውን ቀዳዳ መሙላት አለበት፣ ቆዳውን ግን ማንጣት የለበትም። ጠበበ ብላችሁ ወደ ውስጥ አትግፉት። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳ መሃል ያለው ግድግዳ በሰዓታት ውስጥ ይቆስላል። በፕሮንጉና በግድግዳው መሃል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር።

ደፍናችሁም አረፋ ካልመጣ ከፍሎው ሜትሩ እስከ ጠርሙሱ መገጣጠሚያዎቹን በተራ በእጃችሁ ዳስሱ። አንድ ሌሊት ለሦስት ሆነን ሁለት ቱቦ ቀየርን፣ ጠርሙሱንም ቀየርን። ለካ የሙቀት መለኪያው ሽቦ የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ ክፍት ናት! ሽቦውን ለጽዳት ያወጣው ሰው አልመለሰውም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቀዳዳ ስንት ጊዜ ክፍት እንዳገኘኋት አልቆጥርም። መጀመሪያ እሷን እዩ። ታጥቦ ታጥቦ የላላ መገጣጠሚያ ደግሞ በፕላስተር አይድንም። ጣሉት።

አረፋው እያለ ሕፃኑ ከከበደውስ? ፕሮንጉ በንፍጥ ቢደፈንም ጠርሙሱ መንተክተኩን አይተውም። አረፋ የሚነግራችሁ ስለ ቱቦው እንጂ ስለ ሳንባው አይደለም። ፕሮንጉን አጽዱ፣ አፍንጫውን በቀስታ ምጠጡ። የውሃውንም ልክ እዩ። ከቱቦው የሚንጠባጠበው ውሃ ጠርሙሱን ይሞላዋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያላችሁት ጥልቀት 7 ከሆነ ግፊቱም 7 ሆኗል። ቱቦው ውስጥ የተኛ ውሃም ግፊት ይጨምራል። ስታፈሱት ወደ ሕፃኑ እንዳይሄድ፣ ቱቦው ከሕፃኑ ዝቅ ይበል።

ሆዱ ከተነፋ በአፍ የገባውን የሆድ ቱቦ ክፍት አድርጉ።

የሕፃኑ ኦክስጅን በድንገት ከወረደና አንዱ የደረት ወገን አየር ካልገባበት ሳንባው ተቀዶ አየር ደረቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦ ስትፈትሹ አትቆዩ፣ ሐኪም ጥሩ።