በእሳተ ገሞራ ጥናት ማስተርስና ፒኤችዲ፦ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት አማካሪውን ይፈልጉ

«እሳተ ገሞራ» የሚል ስም የተለጠፈበት የመጀመሪያ ዲግሪ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ። ዘርፉ አብዛኛውን ጊዜ በጂኦሎጂ ወይም በመሬት ሳይንስ ክፍል ሥር ያለ ሲሆን፣ በቁም ነገር የሚገባበት በማስተርስና በፒኤችዲ ነው። ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከሒሳብ የመጡ አመልካቾችም ይፈለጋሉ። ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ የማያውቅ የጂኦሎጂ ምሩቅ ግን ከወዲሁ ቢማር ይሻለዋል።

ቀጥሎ ዘዴ ይምረጡ። አንዱ ቡድን የመሬት ንዝረት ይመዘግባል፣ ሌላው የተራራውን ማበጥና መርገብ በጂፒኤስና በሳተላይት ራዳር ይለካል፣ ሌላው እንደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያለ ጋዝ ይከታተላል፣ ሌላው ዐለቱን ራሱን ይመረምራል። ዐለት ከመረጡ ላብራቶሪውን ይጠይቁ፦ 30 ማይክሮሜትር ድረስ የሳሳ የዐለት ቁራጭ የሚዘጋጀው እዚያው ነው? ኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (የማዕድናትን ኬሚካላዊ ይዘት በኤሌክትሮን ጨረር የሚለካ መሣሪያ) አለ? ከሌለ ናሙናው ሌላ ቦታ ወረፋ ሲጠብቅ የጥናቱ ጊዜ ያልቃል።

የሃዋይ ማኖዋ፣ የእንግሊዙ ብሪስቶል፣ የፈረንሳዩ ክሌርሞን ኦቨርኝና የኒው ዚላንዱ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ በዝናው ብቻ ገብቶ የሚፈልገውን ዘዴ የሚያስተምር ሰው ያጣ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ የወደዷቸውን የቅርብ ዓመታት የምርምር ጽሑፎች ይዘው ወደ ደራሲዎቻቸው ይሂዱ። የመጀመሪያው ስም ብዙ ጊዜ የተማሪው፣ የመጨረሻው የቡድኑ መሪ ነው (ሁሌም ግን አይደለም)። የምስጋናው አንቀጽ ገንዘቡን የሰጠው ማን እንደሆነ ይነግርዎታል፤ አመልካቾች የሚዘሉት ደግሞ እሱን ነው።

ከመጻፍዎ በፊት ትንሽ ሥራ ሠርተው ያሳዩ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሰበሰበው የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል-1 ራዳር ምስል በነፃ ይገኛል። የአንድ ተራራ ሁለት ምስሎች ሲነጻጸሩ በሚወጣው ካርታ ላይ እያንዳንዱ ሙሉ የቀለም ዙር ወደ ሳተላይቱ ወይም ከሳተላይቱ 2.8 ሴንቲሜትር ያህል መንቀሳቀስን ያመለክታል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በረጅም ተራራ ዙሪያ ያለው የአየር እርጥበት ልክ እንደ እብጠት ያለ ቀለበት ይሠራል። መፍትሔው በተለያዩ ቀናት የተነሱ ብዙ የምስል ጥንዶችን ማነጻጸር ነው። ምልክቱ አንድን ቀን በሚጋሩ ጥንዶች ላይ ብቻ ከታየ አየሩ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት ደግሞ ምስሉ ይበጣጠሳል፤ ለመለማመጃ ራቁት ዐለት ያለበትን ተራራ ይምረጡ።

ኢሜይሉ ከ200 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል፦ የትኛውን ጽሑፍ እንዳነበቡ፣ ያልተመለሰ የመሰለዎት ጥያቄ፣ የሠሩት ካርታ፣ የሚጀምሩበት ዓመት፣ በመጨረሻም «በመጪው ዙር ተማሪ ይቀበላሉ? የገንዘብ ድጋፍስ አለ?» የሚል ግልጽ ጥያቄ። ሁለት ገጽ ሲቪና ትራንስክሪፕት ያያይዙ። «ከልጅነቴ ጀምሮ እሳተ ገሞራ እወዳለሁ» የሚለውን ይተዉት፤ ሁሉም ይጽፈዋል። ለሃያ ፕሮፌሰሮች የተባዛ ደብዳቤም ወዲያው ይታወቃል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።

በሰሜን አሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ የትምህርት ክፍያውና የኑሮ አበሉ ብዙ ጊዜ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይሸፈናል። በአብዛኛው አውሮፓ ግን ማስተርስ ይቀድማል። ብዙ ማመልከቻዎች በዲሴምበርና በጃንዋሪ ስለሚዘጉ ለአማካሪዎች በሴፕቴምበር መጻፍ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎችንም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጠየቅ ይገባል። «ተቀብለናል» ማለት «ገንዘብ አለ» ማለት አይደለም፤ መጠኑንና የሚቆይበትን ዓመት በጽሑፍ ያግኙ።

ከመፈረምዎ በፊት የመስክ ሥራውን ያጣሩ፦ ፈቃዱን ማን ያወጣል፣ ናሙና ከአገር ማስወጣት ይቻላል ወይ፣ የጋዝ ጭምብልና የራስ ቁር ማን ይገዛል? ተራራው ፈንድቶ መንገዱ ቢዘጋ ጥናቱ በየትኛው መረጃ እንደሚቀጥልም ይጠይቁ። አማካሪው ለዚህ መልስ ከሌለው ሌላ ቡድን ይፈልጉ።