የሰፈር ውሾችንና ድመቶችን ለመርዳት ከየት እንጀምር?

ካርቶን ውስጥ የተጣሉ የድመት ልጆች በር ላይ ሲገኙ ሁሉም ሰው ያዝናል። አንዱ ወተት ያመጣል፣ ሌላው ፎቶ አንስቶ "የሚወስድ አለ?" ብሎ ይለጥፋል። እነሱ ቤት አግኝተው ሳያልቁ ግን እናታቸው እንደገና አርግዛለች። የድመት እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። እያጠባች እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። ሴት ልጆቿም ከአራት እስከ አምስት ወር ሲሞላቸው ለመውለድ መድረስ ይጀምራሉ።

ለዚህ ነው በትንሽ ከተማ ወይም በአንድ ሰፈር ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ሁሉ አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው። መጠለያ ለመክፈት አትቸኩሉ። መጠለያ በሳምንት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ ጉልበትና ገንዘብ ሁሉ እሱን በማጽዳትና በመቀለብ ያልቃል። መጀመሪያ ማምከን ላይ በርቱ። ማምከን ማለት የሴቷን ኦቫሪና ማህፀን፣ የወንዱን ደግሞ የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። የወንዱን ብዙ ሰው "ማኮላሸት" ይለዋል።

1. ደብተር ይዛችሁ ቁጠሩ

ሰፈሩን በመንገድ በመንገድ ከፋፍሉት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ መንገዱ ጭር ሲል ውሾቹ በደንብ ይታያሉ። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ መስመር ስጡ፦ ቀለሙ፣ ጾታው፣ የት እንደታየ፣ የታመመ መምሰሉ። ሴት ከሆነች ጡቷን እዩ። ወተት ይዞ የወረደ ከሆነ የምታጠባ ናትና "እናት" ብላችሁ ጻፉ። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት ድገሙት።

እኛ ስንጀምር ሰዉ ሁሉ "ሰፈሩ ባለቤት በሌለው ውሻ ተጥለቀለቀ" ይል ነበር። ስንቆጥር ግን ብዙዎቹ ቤት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ጠዋት በር ይከፈትላቸዋል፣ ሲዞሩ ይውላሉ፣ ማታ ይገባሉ። ይህን ማወቃችን ሥራችንን ቀየረው። ውሻ ከማሳደድ ይልቅ በር ማንኳኳት ጀመርን።

ድመቶችን በዚህ መንገድ አታገኟቸውም፤ ይደበቃሉ። የሚያበላቸውን ሰው ፈልጉ። በየሰፈሩ ማታ ማታ ትርፍራፊ የምታወጣላቸው አንዲት እናት አትጠፋም። ስንት እንደሆኑ፣ የትኛዋ እንዳረገዘች፣ የት ገብታ እንደምትወልድ ታውቃለች። እሷን ሳትይዙ ሥራ አትጀምሩ።

2. ቡድኑ ትንሽ ይሁን

አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ ከሐኪም ጋር ይነጋገር፣ አንዱ ደብተሩን ይያዝ፣ መኪና ያለው ያመላልስ፣ ሰው የሚወደው ደግሞ በር ያንኳኳ። ገንዘቡን ሁለት ሰው ይያዘው። ደረሰኙ በሙሉ ፎቶ ተነስቶ ወር በወር ለሁሉም ይታይ።

ማንንም እንስሳ ከመንካታችሁ በፊት ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሐኪም አማክሩ። የማታውቁትን ውሻ የምትይዙ ሰዎች ቀድማችሁ መከተብ ይገባችኋል። ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ናት" ብላችሁ አትለፉት። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

3. ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። በቀን ስንት መሥራት ይችላል? የሕመም ማስታገሻው ዋጋው ውስጥ አለ? ቁስሉ የሚሰፋበት ክር ራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ ተመልሶ የሚወጣ? የጎዳና ድመትን ክር ለማስወጣት ሁለተኛ መያዝ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። ሌሊት ችግር ቢፈጠር ለማን ይደወላል? በወር አንድ የተወሰነ ቀን ለእናንተ እንዲይዝላችሁ ጠይቁ። በአንድ ቀን ብዙ እንስሳ ይዛችሁ ከመጣችሁ ዋጋ ሊቀንስላችሁ ይችላል።

ሁለት ነገር እዚያው ቀዶ ሕክምናው ላይ ይጨረስ። አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ሰው ላይ የሚደርሰው የዚህ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ ስርጭቱ ይቋረጣል። ለድመትና ለውሻ ግድ የማይሰጠውን ጎረቤት እንኳ ይህ ቁጥር ያሳምነዋል፤ ልጆቹን የሚመለከት ነውና። ሁለተኛው የጆሮ ምልክት ነው። እንስሳው በሰመመን ላይ እያለ የድመት ጆሮ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ብዙ ቦታ የሚቆረጠው የግራው ነው። የመከነች ድመት ከሩቅ ትለያለች፤ ዳግም ተይዛ አትንገላታም።

የአካባቢውን አስተዳደርም አስቀድማችሁ አሳውቁ። የጎዳና ውሾችን ለማስወገድ ዘመቻ ታስቦ ከሆነ ቀድማችሁ መስማት አለባችሁ።

4. በር ስታንኳኩ

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ሰዎችን በመውቀስ አትጀምሩ። ውሻው ታስሮ፣ ከስቶ ብታዩት እንኳ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፣ ስሙን ጠይቁ።

አንዲት እናት ቤት ሄጄ "እማማ፣ ድመቷን ወስደን እናሳክምልዎት፣ ከዚህ በኋላ አትወልድም" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ እግዜር የሰጣትን እንዴት እከለክላታለሁ? ኃጢአት ነው" አሉኝ።

አልተከራከርኩም። ድመቷ እግራቸው ሥር ተኝታለች፤ ሆዷ ተንጠልጥሏል። "ያለፉት ልጆቿስ የት ደረሱ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። አንዱን መኪና ገጨው፣ ሁለቱን ጎረቤት ወሰደ፣ የቀሩትን አያውቁም። በነጋታው እሳቸው ራሳቸው በዘንቢል ይዘዋት መጡ።

"አንድ ጊዜ ትውለድና" የሚል ብዙ ታገኛላችሁ። መውለዷ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዲያውም ሴት ውሻ የመጀመሪያው የስሪያ ጊዜዋ ሳይደርስ ብትመክን በጡት እጢ የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። ማህፀን ውስጥ መግል የሚቋጥረው ገዳይ በሽታም አይነካትም። "ውሻዬ ቤት መጠበቅ ያቆማል" ለሚሉት ደግሞ እንዲህ በሏቸው፤ የተኮላሸ ውሻ ሴት ፍለጋ መዞሩ ይቀንሳል እንጂ ደጁን አይረሳም። "ትወፍራለች" የሚሉት እውነት አላቸው። የሚያስፈልጋት ምግብ ይቀንሳልና ለክታችሁ ስጧት በሏቸው። እውነቱን ስትነግሩ ሌላውንም ያምኗችኋል።

እምቢ ያለውን ሰው አትዝለፉት። ስሙን ጻፉና ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ።

5. የቀዶ ሕክምናው ቀን

ለትልልቆቹ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ አይሰጥም። ግልገሎች ግን ብዙ ሰዓት መራብ የለባቸውም፤ ሰዓቱን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ድመት በእቅፍ አትመጣም። መያዣ ውስጥ ትግባ፣ ላዩ በጨርቅ ይሸፈን፤ ጨለማ ያረጋጋታል። እያንዳንዱ መያዣ ላይ የእንስሳው ስምና የባለቤቱ ስልክ ይለጠፍ።

ሲመለሱ ጸጥ ባለ ሞቃት ክፍል፣ ወለል ላይ ይተኙ። ከአልጋ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። በደንብ ሳይነቁ ምንም አታብሉ። ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን መታጠብ፣ መዝለል፣ ቁስሉን መላስ የለም፤ የፕላስቲክ አንገትጌው የሚታሰረው ለዚህ ነው። ቁስሉን በቀን ሁለቴ እዩት። ትንሽ መቅላት ያለ ነው። መግል ከያዘ፣ ከተከፈተ ወይም እንስሳው በማግስቱም ካልበላ ደውሉ።

ይህን ደግሞ ለባለቤቱ ሁሉ ደግማችሁ ንገሩ፦ የሰው ማስታገሻ አይሰጥ። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ወንዶቹ ደግሞ ከተኮላሹ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችሉ ካልመከነች ሴት ይለዩ።

6. አደራ ቤቶች

አሁን ነው ጊዜያዊ አሳዳጊ የምትፈልጉት። ቋሚ ቤት እስኪገኝ እንስሳውን በአደራ የሚይዝ ሰው ማለት ነው። ሕጉን በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ምግቡን ማን ይገዛል፣ ሕክምናውን ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ ነው፣ ካልተመቸው ለማን ይመልሳል። ቀኑ ያልተቆረጠ አደራ ሰው ያሰለቻል።

አዲስ የመጣ እንስሳ ሁለት ሳምንት ለብቻው በተዘጋ ክፍል ይቆይ። ፓርቮ በሚባለው የቡችሎች የተቅማጥ በሽታ የታመመ ቡችላ የነበረበት ቤት ያልተከተበ ቡችላ አትላኩ፤ ቫይረሱ ለብዙ ወራት እዚያው ይቆያል። ከቤተሰቡ እርጉዝ የሆነች ካለች የድመቱን ሽንት ቤት ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳው።

እናት የሌላቸው አራስ የድመት ልጆች የተለየ እጅ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ሙቀታቸውን ተሰሙ። ከቀዘቀዙ አታብሏቸው፤ የቀዘቀዘ ሆድ አይፈጭም። ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ በፎጣ ጠቅልሉና አጠገባቸው አድርጉ። ሲሞቁ መንቀሳቀስና መጮህ ይጀምራሉ። የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ፈልጉ። ስታጠቡ በሆዳቸው ይተኙ። እንደ ሰው ልጅ በጀርባ አስተኝታችሁ ካጠባችሁ ወተቱ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። ከጠቡ በኋላ በሞቀ ውሃ በነከራችሁት ጥጥ ከጭራቸው ሥር በቀስታ ጠረግ ጠረግ አድርጓቸው። እናታቸው በምላሷ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ያለሱ አይሸኑም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት በኩሽና ሚዛን መዝኗቸው። ሲወለዱ 100 ግራም አካባቢ ናቸው፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባቸው። ያልጨመሩበት ቀን ካለ ሐኪም የሚጠራው ያኔ ነው፤ ሲዳከሙ እስክታዩ አትጠብቁ።

ዓይናቸው ተከፍቶ መንገዳገድ ሲጀምሩ ሰው ያላምዳቸው። ለድመት ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ካለፈ ተመልሶ አይገኝም። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካት ድመት ኋላ ቤት የሚሰጣት ታጣለች።

7. ስታስረክቡ

ከስምንት ሳምንት በታች አትስጡ። ከተቻለ መክነው ይሂዱ፤ ብዙ ሐኪሞች ግልገሉ ሁለት ወር ሞልቶት አንድ ኪሎ ሲመዝን ይሠራሉ። "በኋላ አስመክናለሁ" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተቀባዩን ቤት ሄዳችሁ እዩት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ መስማማቱን ጠይቁ፣ ካልሆነለት ለእናንተ እንዲመልስ አስፈርሙ። በሦስተኛው ቀንና በሦስተኛው ሳምንት ደውሉ።

ለአሳዳጊዋም በዚያው ምሽት ደውሉላት። አደራዋን ያስረከበች ሰው ታለቅሳለች። ሌላ ግልገል ትቀበል እንደሆነ በዚያ ቀን አትጠይቋት።

ዓመት ሲሞላችሁ ያንኑ ደብተር ይዛችሁ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ውጡ። አጠቃላይ ቁጥሩ ብዙም ላይቀንስ ይችላል፤ እንዳያስደነግጣችሁ። "እናት" ብላችሁ የጻፋችኋቸውን መስመሮች ቁጠሩ። ካነሱ በዚያው ቀጥሉ። ካላነሱ ያላገኛችኋት ሴት አለች ማለት ነው፤ ማታ ትርፍራፊ ወደምታወጣው እናት ተመልሳችሁ የት እንደምትወልድ ጠይቋት።