ከሠሪው ስም በፊት ማህተሙን ይመልከቱ

ጥንታዊ የእንግሊዝ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሲያጋጥምዎ፣ በጎኑ በጌጥ የተቀረጸውን የሠሪ ስም ከሁሉ በኋላ ይመልከቱት። ጥይት አለመጉረሱን ካረጋገጡ በኋላ አፈሙዞቹን ከሰደፉ ነቅለው ይገልብጧቸው፤ ጥይት በሚጎርሱበት ጫፍ በኩል ከሥር ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገው በማጉያ መነጽር ሲያዩት የፍተሻ ማህተሞቹ፣ ማለትም አፈሙዙ በመፈተሻ ቤት ተተኩሶበት ጥንካሬው መረጋገጡን የሚያሳዩት ምልክቶች፣ ይወጣሉ። በዘውድ ሥር የተጠላለፉት ጂ እና ፒ ፊደላት የለንደን መፈተሻ ቤት ምልክት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1813 የተቋቋመው የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት ግን እስከ 1904 ድረስ ዘውድ ያለባቸውን የተመሳቀሉ በትረ መንግሥቶች ይመታ ነበር። የለንደን አድራሻ ይዞ የበርሚንግሃም ማህተም ያለበት ጠመንጃ የግድ ሐሰተኛ አይደለም፤ ብዙ የለንደን ሻጮች በርሚንግሃም ያሠሩ ነበርና። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ ፊደላት ካሉ ግን ጠመንጃው የተፈተሸው በቤልጅየም ሊዬዥ ነው፤ የታወቀውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ ዌስትሊ ሪቻርድስን እንዲያስመስል «ደብሊው ሪቻርድስ» ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙዎች ከዚያ የወጡ ናቸው።

«ኖት ፎር ቦል»፣ ማለትም ድፍን ጥይት አይተኮስበትም የሚለው ጽሑፍ፣ ጫፋቸው በጠበበ አፈሙዞች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1887 ይመታ ስለነበር ዘመኑን በደንብ ያጠብባል።

በመጨረሻ በአፈሙዙ፣ በፊት መያዣው እንጨት ብረትና በምላጩ መከለያ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ያስተያዩ፤ ካልተስማማ ከተለያዩ ጠመንጃዎች ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል።