የኮርን ስኔክ ቀለም ሲያምታታ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮርን ስኔክ የሚባለው እባብ መርዝ የለውም። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ዱር ውስጥ ብርቱካናማ መደብ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ቀያይ ነጠብጣቦች አሉት። ሰው ቤት ሲረባ ግን ነጩም፣ ግራጫውም፣ ቢጫውም ይወጣል። አርቢዎች እነዚህን የቀለም ዓይነቶች ሞርፍ ይሏቸዋል። አትላንታ አካባቢ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ጆርጂያ መርዝ በሌላቸው የአገሩ ተወላጅ እባቦች ላይ ጥብቅ ሕግ አላት። ሳትጠይቁ አትግዙ።

ቀለሙ እንደጠበቃችሁት ካልሆነ መጀመሪያ መብራቱን ጠርጥሩ። ከዚያ ቆዳውን፣ ከዚያ ዕድሜውን፣ መጨረሻ ላይ ዘሩን። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ለዚህም ነው ያለ ጥፋቱ ሻጭ የሚሰደበው።

ነጯ እባብ ፎቶ ላይ ግራጫ ወይም ቢጫ ትሆናለች

ግራጫነቱ የካሜራው ሥራ ነው። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ እባቧን ነክታችሁ ያዙና ብርሃኑን በጣት ትንሽ ከፍ አድርጉ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ካስቀመጣችኋት ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ያበራና ቅርፊቷ ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ጭረት ብቻ ይቀራል። ያኔ ዝቅ አድርጉ።

ቢጫው የሚመጣው ከቤት አምፖል ነው። ከሁሉ የከፋው የመስኮት ብርሃንና አምፖል ሲቀላቀሉ ነው፤ ግማሽ ጎኗ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል። አምፖሉን አጥፉና ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ አንሱ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ነጭ ወረቀት አብራችሁ አስገቡ። በኋላ ቀለም ስታስተካክሉ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ብቻ ነው የምትነኩት። ሳር ላይ ማንሳት ያምራል፣ ግን ሆዷ አረንጓዴ ይመታል።

ቅርፊቷ ካንጸባረቀ ፍላሹን ተዉት፣ ወይም ስስ ነጭ ወረቀት ጋርዱበት። አልቆም ካለች በጎድጓዳ ሳህን ክደኗትና ትንሽ ቆዩ። ጨለማ ውስጥ ትጠቀለላለች። ሳህኑን ቀስ ብላችሁ ስታነሱ ለጥቂት ሰከንድ አትንቀሳቀስም። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን፤ ዓይኗ ከደበዘዘ የቀረው ቢጠራም ፎቶው አይሆንም።

ትናንት የደመቀች ዛሬ አመድ መሰለች

ዓይኗን እዩ። ወተት ጠብ ያለበት ሰማያዊ ከመሰለ ቆዳ ልትቀይር ነው። ዓይኗ ተመልሶ ይጠራል፤ ቆዳው የሚወልቀው ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው። እስከዚያ አትነካኳት፣ እርጥብ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ያለበት መደበቂያ ስጧት። ምርጡ ፎቶ ቆዳ በጣለች ማግስት የሚነሳው ነው።

ግልገሉ ከወላጆቹ ጋር አይመሳሰልም

ገና ነው። ስኖው የሚባለው ነጩ ዓይነት ሲፈለፈል ሮዝ ነገር ነው። አነሪ የሚባለው ግራጫ አንገቱ ሥር ቢጫ የሚያወጣው እያደገ ሲሄድ ነው። ብለድሬድ የሚሉት ቀይ ደግሞ ግራጫ ራስ ይዞ ይወለዳል። ቆዳ በቀየረ ቁጥር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን እያነሳችሁ አስቀምጡ። ተቻኩላችሁ ስም አታውጡለት።

ሁለት ግራጫ አዳቅዬ ልጆቹ ሁሉ ቀይ ሆኑ

እናቲቱን መጠርጠር ይመጣል። እውነት ነው፣ ሴቷ ከቀድሞ ወንድ የቀረ ዘር ለወራት ማቆየት ትችላለች። ግን ልጆቹ በሙሉ የዱሩን መልክ ከያዙ ዋናው ተጠርጣሪ ሌላ ነው፦ አንዱ ወላጅ አነሪ፣ ሌላው ቻርኮል ነበር። ሁለቱም ቀይ ቀለም የላቸውም፣ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ጂናቸው ግን የተለያየ ነው። ሁለቱም ድብቅ ጂኖች ናቸው፤ ግልገሉ አንዱን ጂን ከእናትም ከአባትም ካላገኘ አይታይበትም። እዚህ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ስለደረሰው ቀይ ሆነ። የጠፋ ነገር የለም፣ ልጆቹ ሁለቱንም ይዘዋል።

ካደጉ በኋላ አነሪ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ቢጫ አለው፣ ቻርኮል ግን የለውም። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስትገዙ የእናትና አባቱን ሞርፍ አጽፉ።

ስኖው ጠብቄ አንድም አልወጣም

ስኖው ማለት አሜልና አነሪ አንድ ላይ ነው። አሜል ጥቁር ቀለም ያጣው ነው። አሜልን ከአነሪ ብታዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ተራ መልክ ይይዛል፣ ውስጡ ግን ሁለቱንም ተሸክሟል። እነዚህ እርስ በርስ ሲዳቀሉ የስኖው ዕድል ከ16 አንድ ነው።

ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከ16 አንድ ማለት 16 እንቁላል ውስጥ የግድ አንድ አለ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ እንቁላል ዕጣውን ለብቻው ነው የሚያወጣው። ብታሰሉት 16 እንቁላል ተጥሎ አንድም ስኖው ያለመውጣቱ ዕድል 36 በመቶ ገደማ ነው። መጠበቅ ያንገሸገሸው ሰው ያደገ ስኖው ይግዛና ከተሸካሚዎቹ ጋር ያዳቅል፤ ዕድሉ ከ4 አንድ ይሆናል። እኔ ብሆን ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

ነጭ ግልገል ወጥቶ ስኖው መሆኑን ከተጠራጠራችሁ የዓይኑን መሃል በቅርበት አንሱ። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ አሜል አለበት። ጥቁር ዓይን ያለው ነጭ እባብ ስኖው አይደለም።

እንቁላሉ ጎደጎደ

ከጅምሩ ትንሽ፣ ቢጫና ደረቅ የነበረው ዘር ያልያዘ ነው። ነጭ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎደጎደ ውሃ አንሶታል፤ ቨርሚኩላይቱን (እንቁላሉ የተቀመጠበትን ውሃ የሚይዝ ማዕድን) በጎን በኩል አርጥቡ፣ እንቁላሉ ላይ አታፍስሱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንዴ እንቁላል የደረቀበት ሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚመጣውን መጎድጎድ አይቶም ይደነግጣል። ያኛው ሊፈለፈል ሲል የሚሆን ነው፣ ተዉት።

ሙቀቱ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይሁን፤ 60 ቀን ገደማ ይወስዳል። ሙቀት ሲበዛ አከርካሪው የተጣመመ ግልገል ይወጣል። ሴት ወይም ወንድ ይበዛልኝ ብላችሁ ኢንኩቤተሩን (የእንቁላል ማሞቂያ ሳጥኑን) አትነካኩ፣ በኮርን ስኔክ ጾታ በሙቀት አይወሰንም። የተጣበቁ እንቁላሎችን አታላቅቁ፣ አታገላብጡም። ላዩን በእርሳስ ምልክት ብታደርጉበት ሳጥኑ ቢነካ እንኳ የቱ ጎን ወደ ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ።

ፎቶ እያነሳሁ የበላችውን አስመለሰች

ከበላች በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት አትያዟት። ካስመለሰች ቶሎ አታብሏት፤ አስር ቀን ያህል ጠብቁና ከወትሮው ያነሰች አይጥ ስጧት።