ቆሮሶ ለምን አያድግም? የኩሬ ውሃ አያያዝ በጎጃም

ኩሬ ውስጥ የገባ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ወራት አልፈውት እንደ ጫጩት ሲቀር ብዙ ሰው ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨምራል። አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን ውሃው ነው። የቆሮሶ ሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላው አይፈጭለትም፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ደግሞ መብላቱን ይተዋል። የተረፈው መኖ በስብሶ የቀረውንም ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

ቴርሞሜትር ግዙ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውሃው አስገብታችሁ ጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ለኩ። ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 በታች የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ 16 አካባቢ እድገቱ ይቆማል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ከኅዳር እስከ ጥር የባሕር ዳር ሌሊት እንኳ ይበርዳል፤ ዳንግላና ደብረ ማርቆስ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኩሬው ፀሐይ የሚያገኝ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ባህር ዛፍ ሥር ከሆነ ጥላውም ቅጠሉም ይጎዳዋል። ጥልቀቱ በአንድ በኩል 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 1.5 ሜትር ቢሆን ዓሣው ሌሊት ቶሎ ወደማይበርደው ጥልቁ ይወርዳል። በብርዱ ወራት የምንጭ ውሃ ሌት ተቀን አትልቀቁበት። እንደ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ከቆሮሶ ይልቅ ብርድ የሚችለው ካርፕ የተባለው ዓሣ ይሻላል።

መኖውም በሙቀቱ ይመጠን። 100 ካሬ ሜትር ኩሬ ውስጥ 200 ዓሣ ቢኖርና እያንዳንዱ 50 ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 10 ኪሎ ነው። ውሃው ከ25 በላይ ሲሆን የክብደቱን 3 በመቶ፣ ማለትም በቀን 300 ግራም፣ ረፋድና ከሰዓት ከፍላችሁ ስጡ። ከ20 እስከ 24 ሲሆን ግማሹ ይበቃል። ከ18 በታች ግን ባትሰጡ ይሻላል።

ዓሣ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው በአብዛኛው በኦክስጅን እጥረት ነው። እንደ ባሕር ዳር ባለ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 80 በመቶ ያህል ስለሆነ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከአየር የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 8.3 ይይዝ ነበር። አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውና ቆሮሶ የሚመገበው ጥቃቅን እፅ) ቀን ያመረተውን ኦክስጅን ሌሊት ራሱ ይተነፍሰዋል፤ ስለዚህ አደጋው ጎህ ሲቀድ ነው። ዓሦቹ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ አውጥተው ሲያዛጉ ብታዩና ስትጠጓቸውም ባይሰምጡ፣ መኖና ፍግ ወዲያው አቁሙ። ከታች ያለውን ውሃ እያፈሰሳችሁ አዲሱን ከግማሽ ሜትር ከፍታ በቱቦ እየተንፏፏ እንዲወርድ አድርጉ፤ አየር ይዞ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ክረምት ላይ ደመናው በሰነበተ ቁጥር ይህን ጠብቁ።

የአልጌውን መጠን ለማወቅ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። መዳፋችሁ ውሃው ክርናችሁ ሲደርስ ከጠፋ ልክ ነው። ገና የእጃችሁ አንጓ ላይ ከጠፋ አልጌው በዝቷልና ፍግ አቁሙ። ከክርን አልፎም ከታየ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት እስከ 5 ኪሎ የደረቀ የዶሮ ኩስ ጨምሩ። ውሃው በጎርፍ ደፍርሶ ከሆነ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም። ጭቃው ብርሃን ይከለክላል፣ የዓሦቹን መተንፈሻ (ስንጥብ) ይደፍናል፤ ከኩሬው በላይ ፈሰስ ቀዳችሁ ጎርፉን አስቀይሱ።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.5 በታች ከሆነ ፍግ ብትጨምሩም አልጌው አይመጣም። ኩሬውን አድርቃችሁ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ ወለሉ ላይ በትኑ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ውሃ ሙሉ፣ ፍጉን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ዓሣ ባለበት ኩሬ ኖራና የዶሮ ኩስ አንድ ቀን አይግቡ፤ ፒኤቹ ሲወጣ ከኩሱ የሚመጣው አሞንያ መርዝነቱ ይበረታል።

ውሃው ሁሉ ተስተካክሎ ዓሣው ካላደገ ተባዝቶ ተጨናንቋል ማለት ነው። ወንዶቹን ለይታችሁ እነሱን ብቻ አሳድጉ፤ አለዚያ ቆሮሶው ከፍ ካለ በኋላ ግልገሎቹን የሚበላ አምባዛ የሚባል ዓሣ ትንንሹን ጨምሩ።