ቺንኩዌ ቴሬ ካብ ልትክቡ ስትመጡ ሲሚንቶውን ተዉት

ባለፈው ሳምንት ከማናሮላ በላይ ባለው ዳገት አንድ ልጅ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ሲወጣ አገኘሁት። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። "ጋሼ፣ ይቺን የፈረሰች ካብ በአንድ ቀን ነው የምገትራት" አለኝ። አዲስ አበባ ግንበኛ ነበር፣ እጁ ሥራ እንደሚያውቅ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። "አውርደው" አልኩት። አኮረፈኝ። እንግዲህ ለእሱም፣ ከእሱ በኋላ ለምትመጡትም አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ለማታውቁት፣ ቺንኩዌ ቴሬ ማለት ጣሊያን ውስጥ ሊጉሪያ ባሕር ዳር ያሉ አምስት መንደሮች ናቸው። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ፣ ሪዮማጆሬ። ተራራው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚነሳው። ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ወይኑ የሚበቅለው ሰው ድንጋይ ክቦ፣ አፈር ሞልቶ በሠራው እርከን ላይ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ ሲሚንቶው ልመለስ። ካቡ ያለ ማያያዣ የሚቆመው ገበሬው የሲሚንቶ መግዣ አጥቶ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ከላይ ያለው አፈር ውሃ ይጠጣል። ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል፣ በድንጋዮቹ መሃል እየተንጠባጠበም ይወጣል። ክፍተቱን ደፈንከው ማለት ውሃውን ከኋላ አሰርከው ማለት ነው። ርጥብ አፈር ደግሞ ከባድ ነው፤ ይገፋል፣ ይገፋል፣ አንድ ሌሊት ግንብህ እንዳለ ይገነደሳል፣ ወድቆም ዝም አይል፣ ከሥሩ ያለውን እርከን ይዞ ይወርዳል፣ ያኛውም የራሱን ሥር። ደረቅ ካብ ሲናድ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ሁለት ሦስት ሜትር ነው፣ ድንጋዩም እዚያው ስላለ መልሰህ ትክበዋለህ። ሲሚንቶ የተጣበቀበትን ድንጋይ ግን ምን ልታደርገው ነው? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የጣለው ዝናብ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ሞልቷቸው ነበር፣ ሰውም ሞቷል። ውሃ እዚህ ቀልድ አያውቅም። ያለ ማያያዣ ድንጋይ መካብን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ የመዘገበው ከነጣሊያን ስምንት አገሮች አቅርበውለት ነው፤ እናንተ በአንድ ከረጢት ልታሻሽሉት አትነሱ።

ቱምቢውንም ቤት ተዉት። ቀጥ ያለ ካብ ያምራል፣ ግን ይወድቃል። ወደ ተራራው ትንሽ ዘመም ማለት አለበት።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አባቴ እርሻ ላይ ካብ ስክብ ነው ያደግሁት፣ ማን ሊነግረኝ! ረጃጅሙን ድንጋይ በጎኑ አጋድሜ፣ ፊቱን አሳምሬ ደረደርኩት። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይሞላል። ከኋላው አፈር በአካፋ ዝቄ ሞላሁት። የእርሻው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፣ አይተው ምንም አላሉም። ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ጠሩኝ። ካቡ እንደ እርጉዝ ሴት ሆዱ ወጥቷል። በከዘራቸው ሆዱን ነካ አድርገው "ስንት ወሩ ነው?" አሉኝ። እንካብ ካልከኝ እንካብ፣ እንናድ ካልከኝ እንናድ ይባል የለ፣ እኔ በአንድ ዓመት ሁለቱንም አደረግኩት።

ሽማግሌው ያሳዩኝ ይህን ነው። ድንጋዩን አንስተህ አገላብጠህ እይ። ጠባቡ ፊት ወደ ውጭ፣ ጅራቱ ወደ ተራራው ይግባ። ከሥሩ ያሉት ሁለት ድንጋዮች የተጋጠሙበት ላይ አሳርፈው፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይደራረብ። ቢነቃነቅ ውሻል አስገባለት፣ ከኋላ እንጂ ከፊት አይደለም፤ ከፊት የገባ ውሻል ሾልኮ ይወድቃል። ከጀርባው ትንንሽ ድንጋይ በእጅ ደርድር። በእጅ አልኩ! አፈሩ ከዚያ ኋላ ነው የሚመጣው። ቆመህበት ካልተንቀሳቀሰ ወደሚቀጥለው እለፍ።

የካቡ ሥራ ሲያልቅ ግን ጫፉ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ። የዱር አሳማው የሚንደው ይበቃናል።

ሴፕቴምበር ላይ ለለቀማ ለምትመጡ ደግሞ፦ ረጃጅሞች እዘኑ። ብዙው ወይን ዝቅ ባለ ዳስ ላይ የተዘረጋ ነው፣ የባሕሩ ነፋስ እንዳይጎዳው። ተንበርክከህ ነው የምትለቅመው። ስግደት የለመደ ጉልበት እዚህ ይጠቅማል። ሸበጥ አድርጎ የመጣን ሰው እኔ አላሠራም።

ለሻኬትራ የሚመረጠውን ዘለላ እንደ ድንች ሳጥን ውስጥ አትወርውሩት። ሻኬትራ የአገሩ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። ቦስኮ፣ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ ከሚባሉ የወይን ዓይነቶች ነው የሚሠራው። ዘለላው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለሳምንታት ይደርቃል፣ ኖቬምበር 1 ሳይገባ መጭመቅ በደንቡ አይፈቀድም። አስቡት፣ አንድ የፈረጠ ፍሬ ያን ያህል ጊዜ መሃል ላይ ሲቀመጥ። ይሻግታል፣ ጎረቤቱን ያሻግታል። ከ100 ኪሎ ወይን 35 ሊትር ከወጣ ብዙ ነው፣ ስለዚህ የምትጥሉት ዘለላ ያንገበግበናል። አንዲት ልጅ ባለፈው ዓመት እያንዳንዱን ዘለላ እንደ እንቁላል ስታስቀምጥ አይቼ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

የተለመደው ነጩ ወይን ግን ጣፋጭ አይደለም፣ ስኳር ጠብቃችሁ ፊታችሁን አታኮማትሩብን።

የመጨረሻው ስለ ባቡሯ ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ ገደሉን እየተንገጫገጨች የምትወጣ ትንሽ ነገር አለች፤ ሳጥኑን እሷ ትሸከማለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት ወይኑ በሰው ጀርባና በሰው ራስ ላይ ነበር የሚወርደው። የደከመው ሁሉ ልሳፈር ይላል። አይቻልም። የዕቃ ናት፣ መንገዷም ገደል ነው።

ያ ግንበኛ ልጅም ጠይቆኝ ነበር። ከረጢቱን ጫንኩለትና ሲሚንቶው በባቡር ወረደ። እሱ ከኋላ ደረጃውን በእግሩ ተከተለው፣ እንዳኮረፈ።