ወደ ድብድቡ አትዝለሉ፦ አልትራማንን የሚጀምሩ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደውሎ «ያን የምትወደውን የጃፓን ግዙፍ ሰውዬ አየሁት፤ ምኑ እንደሚማርክህ ግን አልገባኝም» አለኝ። ስንት ክፍል አየህ አልኩት። «ኧረ ክፍል አይደለም፤ ስልኬ ላይ የመጣች የአራት ደቂቃ ድብድብ ነች።» ይህን ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ድብድቧን ብቻ ላያት»

አልትራማን ስለ አንድ ግዙፍ ጀግና የሚተርክ የጃፓን የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው፤ ባለፉት ዓመታት በዚሁ ስም ብዙ ተከታታዮች ወጥተዋል። አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግዙፉ ሰው ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው። ምድር ላይ መቆየት የሚችለውም ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ቀልታ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ጉልበቱ እያለቀ ነው። እንግዲህ ድብድቡን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው፣ የሠርግ ኬክ ሲቆረስ ደርሶ ስለ ትዳሩ እንደሚያወራ ዘመድ ነው።

በ1966 የተጀመረውን የመጀመሪያውን ተከታታይ ክፍል 23 ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጃሚላ የሚባል ካይጁ ይመጣል። ካይጁ ማለት እነዚያ ግዙፍ አውሬዎች ናቸው። የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ሳሳየው ስሙን ሰምቶ «የሰፈራችን ጀሚላ?» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ቀስ እያለ ታሪኩ ወጣ። ጃሚላ ድሮ ሰው ነበር፤ ጠፈርተኛ። ውኃ የሌለበት ፕላኔት ላይ ወድቆ ቀረ። አገሩ ስሟ እንዳይጠፋ ብላ ጉዳዩን ደበቀችው፤ የሚፈልገው ሰውም አልላከችም። ሰውነቱ እዚያው ተለወጠ። አሁን የተመለሰው ሊበቀል ነው፤ ያነጣጠረውም ጃፓን ውስጥ በሚካሄድ የሰላም ጉባኤ ላይ ነው። ካይጁ የሚዋጋው የሰዎች ቡድን ከፓሪስ ዋና መሥሪያ ቤቱ የመጣለት ትእዛዝ አጭር ነው፦ ማንነቱ ሳይነገር እንደማንኛውም ካይጁ ይወገድ።

አልትራማን የሚገድለው በዚያ በታወቀው ጨረሩ አይደለም። በውኃ ነው። ያን ውኃ ያጣ ሰውዬ፣ በውኃ። ጃሚላ ጭቃ ውስጥ እየተንፈራፈረ ወደ አገራቱ ባንዲራዎች ይሳባል። የሚያሰማው ድምፅ የሕፃን ልቅሶ ይመስላል። በመጨረሻ የሚያምር የመቃብር ጽሑፍ ይቆምለታል። የቡድኑ ቀልደኛ ኢዴ ግን ሌሎቹ ሲሄዱ ብቻውን ይቀራል፤ የሚያምረው ቃሉ ብቻ ነው ዓይነት ነገር ያጉረመርማል። የእህቴ ልጅ ሳቁን ከተወ ቆይቷል። «ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስቲ ይህን ጥያቄ ከአራት ደቂቃ ድብድብ አውጡልኝ!

ይሄ ደግሞ አንዴ ሳይታሰብ የተገኘ ነገር አይደለም። ዋናው ጸሐፊ ኪንጆ ቴትሱዎ የኦኪናዋ ሰው ነበር። ኦኪናዋ ደግሞ እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ነበረች። ኪንጆ ቀጥሎ ለመጣው ተከታታይ፣ ለአልትራሴቨን፣ በጻፈው ክፍል 42 ላይ አንድ ነገር ይነሳል፦ የምድር ቀዳሚ ባለቤቶች ከባሕር በታች የሚኖሩት ናቸው፤ ወራሪዎቹ እኛ ሰዎች ነን። የሰዎቹ ካፒቴን ይህን ሰምቶም የባሕር ሥር ከተማቸውን ድምጥማጡን ያጠፋል፤ የባሕሩ ወለልም የእኛ ነው እያለ ድሉን ያውጃል። እሑድ ማታ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ፣ ለልጆች የቀረበ ፕሮግራም ነው እንግዲህ።

«ሰውዬው ጎማ ለብሷል እኮ!»

አዎ፣ ለብሷል። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ስቃችሁ ስትጨርሱ ደግማችሁ እዩት። ካሜራው መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ለዚህ ነው ሰውየው 40 ሜትር የሚያህለው። ፊልሙ በፍጥነት ተቀርጾ በመደበኛ ፍጥነት ስለሚታይ እግሩ ሲያርፍና አቧራው ሲነሣ ክብደት አለው። አልትራማንን የሚሠራውን ድርጅት በ1963 ያቋቋመው ቱቡራያ ኤጂ፣ በ1954 የመጀመሪያውን ጎድዚላ በዚሁ ዘዴ ከተማ ያስረገጠ ሰው ነው።

ለቆየ ተመልካች ደግሞ የጎማው ልብስ ራሱ ጨዋታ ነው። ገንዘብ ስላልነበረ ልብሱ ከአውሬ ወደ አውሬ ይተላለፋል፤ የታላቅ ወንድም ሱሪ ለታናሽ እንደሚያጥረው ማለት ነው። በመጀመሪያው ተከታታይ ክፍል 10 ላይ የሚመጣው ጂራስ የሚባል አውሬ ማነው? ራሱ ጎድዚላ ነው፤ አንገቱ ላይ ትልቅ ክፈፍ ጨምረውበት። አልትራማን መሀል ላይ ክፈፉን ገንጥሎ ይጥልበታል፤ ያኔ ጎድዚላ ፊት ለፊታችሁ ቆመ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳይ ይህ አልገባኝም ነበር። በሁለተኛው ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ከሥር ከመሠረቱ ካልጀመርኩ»

የዚህኛው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። አንዱን ጓደኛዬን «ከ1966 ጀምረህ በተርታ» ብዬ አዘዝኩት። አሥረኛው ላይ ሳይደርስ ጠፋብኝ። አብዛኞቹ ተከታታዮች ለየብቻ ይቆማሉ። የ1996ቱ ቲጋ ከድሮዎቹ ጋር የማይነካካ የራሱ ዓለም አለው። በ2020 የወጣው ዜድ 25 ክፍል ብቻ ነው፤ ያስቃል፣ ያስለቅሳል። በአንዱ ጀምሩ፤ ከወደዳችሁት 1966 የትም አይሄድም።

ኔክሰስ በሚባለው ተከታታይ ግን አትጀምሩ። ጥሩ ነው፤ ግን ጨለማ ነው፣ ደግሞም ከታሰበለት ቀድሞ ተቋርጧል።

አልትራሴቨን 49 ክፍል ነው ተብሎ 48 ብቻ ብታገኙም ጫኚውን አትስደቡ። ክፍል 12 ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሰዎችን ያዋርዳል የሚል ተቃውሞ ተነሥቶበት ከ1970 ጀምሮ አይታይም።

«እንደ ፓወር ሬንጀርስ ነው አይደል?»

አይደለም። ያኛው የሌላ ድርጅት ዘር ነው፣ ባለ አምስት ቀለም ቡድን ነው። አኒሜም (የጃፓን ካርቱን) አይደለም፤ በእርግጥ አኒሜ የሆነ አልትራማንም አለ፣ ግን ከዚያ አትጀምሩ።

«የደረቱን መብራት ረስተውታል»

የ2022ቱ ፊልም፣ ሺን አልትራማን፣ ሲወጣ ይህንን እንደ ትልቅ ግኝት የጻፉልኝ ሰዎች አሉ። አልረሱትም። የአልትራማንን መልክ የነደፈው ናሪታ ቶሩ መብራቷን ከመጀመሪያውም አልወደዳትም ነበር፤ የፊልሙ ሰዎች ወደ እሱ ሐሳብ ተመልሰው ነው። ነገሩን ሳታጣሩ «ስህተት አገኘሁ» አትበሉ፤ እዚህ ሠፈር አርባ ዓመት ያዩ ሽማግሌዎች አሉ።

«መጨረሻ ላይ ሁሌም ያሸንፋል»

የመጀመሪያውን ተከታታይ ክፍል 39ን እዩ። ዜቶን የሚባል ካይጁ አልትራማንን ይገድለዋል። እውነተኛ ሞት ነው፤ መብራቷ ትጠፋለች። ዜቶንን የሚጥለው ደግሞ ሌላ ጀግና አይደለም፤ የሰዎቹ ቡድን በራሱ መሣሪያ ነው የሚያፈነዳው። ከዚያ ከአልትራማን አገር ዞፊ የሚባል ሌላ ግዙፍ ሁለት ሕይወት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ለአልትራማን፣ አንዱ አካሉን ላዋሰው ለሐያታ። ሐያታ ሲነቃ አልትራማን እንደነበረ እንኳ አያስታውስም። (ታሪኩን አበላሸህብኝ የምትሉ፣ ከ1967 ጀምሮ ጊዜ ነበራችሁ።)

«ይህን ያህል ቁም ነገር ካለው ሳቅ የለበትም»

እኔን አይታችሁ ፊታችሁን አታኮሳትሩ። ጃሚላን ያዘጋጀው ጂሶጂ አኪዎ የዚያኑ ተከታታይ ክፍል 34ንም አዘጋጅቷል። ስካይዶን የሚባል 200,000 ቶን የሚመዝን አውሬ ከሰማይ ወድቆ ይተኛል፤ የሚያነሣው ጠፋ። ሐያታ ካሪ በሩዝ እየበላ ነው። ተነሥቶ ይሮጣል። ወደ አልትራማን የሚለወጥበትን መሣሪያ ወደ ሰማይ ያነሣል። ምንም የለም። ቀና ብሎ ያየዋል፦ ማንኪያ ነው።

የእህቴ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ላይ ሩዝ በቀረበ ቁጥር ማንኪያውን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል። እናቱ «ብላ እንጂ!» ትለዋለች። ቆይቶ ማንኪያውን አየት ያደርገዋል፣ በጣም እንደደነገጠ ሰው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይላል።